የአምስት እህል ገንፎ፦ በውስጡ ምን አለ? ምንስ የለውም?

በዚህ የትምህርት ዓምድ የኤች አይ ቪ መተላለፊያና መከላከያ መንገዶችን በተደጋጋሚ አንስተናል። የዛሬው ትምህርታችን ግን ከወጥ ቤት ይጀምራል። «ገንፎና ኤች አይ ቪ ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ይገናኛሉ፤ እንዴት እንደሚገናኙ እስከ መጨረሻው ስታነቡ ታገኙታላችሁ።

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦

1. በአንድ የተደባለቀ የእህል ዱቄት ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ትዘረዝራላችሁ፤
2. እህልና ጥራጥሬ ለምን አብረው እንደሚፈጩ ምክንያቱን ታስረዳላችሁ፤
3. ዱቄቱ ምን እንደሚጎድለውና በምን እንደሚሟላ ታውቃላችሁ፤
4. ቫይረሱ በደማቸው ለሚገኝ ወገኖች ምግብ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደማያደርግ ትለያላችሁ።

ቁርስ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በሐዋሳ ከተማ በቡሹሎ አካባቢ «ቁርስ ምን በላችሁ?» ተብሎ ተማሪ ቢጠየቅ መልሱ ብዙም አይለያይም። ከፊሉ ቆጮ፣ ከፊሉ የበቆሎ ቂጣ፣ ከፊሉ ዳቦ በሻይ ይላል። «ምንም» የሚሉም አሉ፤ እነሱ ጥቂት አይደሉም።

ቆጮን መናቅ አይገባም። እንሰት በድርቅ ዘመን ሕዝብን ያቆየ ተክል ነው። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ሆድም ይይዛል። ነገር ግን በ100 ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ወደ 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህንን በሚዛን ባይለኩትም በልምድ ያውቁታል፤ ቆጮን በቅቤ፣ በወተት፣ በአይብ፣ በጎመንና በቦሎቄ የሚያቀርቡት ለዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ወተቱና ቅቤው ለገበያ ወጥቶ ልጁ ቆጮውን ብቻ በልቶ ትምህርት ቤት ሲሄድ ነው። ዳቦ በሻይም ያው ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ያነቃል፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ዓይን መክደን ይጀምራል።

እንግዲህ መፍትሔው የት አለ? ሩቅ አይደለም፤ በየቤታችን ጆንያ ውስጥ ያለውን እህል አደባልቆ መፍጨት ነው።

በእህል ውስጥ ምን አለ?

በትምህርት ቤት እንደተማርነው ምግቦች በጥቅላቸው በሦስት ይከፈላሉ፦ ኃይልና ሙቀት ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ እና በሽታ ተከላካይ። ብዙዎቻችን «እህል ኃይል ሰጪ ነው» ብለን በፈተና ላይ ጽፈን እናልፋለን። ይሁን እንጂ አንድ የስንዴ ፍሬ በውስጡ ስታርች፣ ፕሮቲን፣ ጥቂት ቅባት፣ አሰር፣ የቫይታሚን ቢ ዓይነቶችና ማዕድናት አሉት። ከእህል እህል የሚለያየው መጠኑ ነው። በ100 ግራም ያልበሰለ እህል ውስጥ ያለው የፕሮቲን መጠን በግምት የሚከተለውን ይመስላል፦

- በቆሎ፦ 9 ግራም
- ገብስ፦ 11 ግራም
- ስንዴ፦ 12 ግራም
- ጤፍ፦ 13 ግራም
- ሽምብራ፦ 20 ግራም
- ባቄላ፦ 26 ግራም
- አኩሪ አተር፦ 36 ግራም

ኃይልን በተመለከተ፣ 1 ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ፣ 1 ግራም ፕሮቲንም 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። 1 ግራም ቅባት ግን 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ በቆሎ፣ ስንዴና ገብስ በ100 ግራም ከ340 እስከ 360 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ሲሰጡ፣ 20 ግራም ያህል ቅባት ያለው አኩሪ አተር 445 ያህል ይሰጣል።

ጤፍን ለብቻው የምናነሳበት ምክንያት አለ። ከሌሎቹ እህሎች የበለጠ ብረትና ካልሲየም አለው። በየወሩ ደም ለሚፈሳቸው ሴት ተማሪዎች ብረት በጣም ያስፈልጋል። ብረት ሲያንስ ደም ማነስ ይመጣል፤ ድካም፣ ራስ ማዞርና ትምህርት አልገባ ማለትም ይከተላሉ። በዱቄቱ ላይ ጥቂት ጤፍ መጨመር የሚችል ቢጨምር መልካም ነው።

ለምን ይደባለቃል?

የትምህርታችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ፕሮቲን አንድ ነገር አይደለም፤ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ከነዚህም ውስጥ ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለብን።

እስቲ የጎጆ ቤት ግድግዳ አስቡ። ግድግዳው ወጋግራም ማገርም ይፈልጋል። ወጋግራው ግቢውን ቢሞላው፣ ማገሩ ካጠረ ግድግዳው ማገሩ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ይሠራል፤ የተረፈው ወጋግራ ማገዶ ይሆናል። ሰውነታችንም እንደዚሁ ነው። በቆሎ፣ ስንዴና ገብስ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል። ሽምብራ፣ አተር፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር ግን ላይሲን በብዛት አላቸው፤ የሚያንሳቸው ሜታዮኒን የተባለው ነው። ሜታዮኒን ደግሞ በእህሎቹ ውስጥ ይገኛል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በምግብም ይሠራል።

ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሁሉንም አሚኖ አሲዶች አሟልተው ይይዛሉ። በየቀኑ የማይገዛቸው ቤተሰብ ግን እህልን ከጥራጥሬ ጋር በማደባለቅ ወደዚያ ይጠጋል። የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ምስር በቂጣ፣ ሁሉም ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ፋፋን ታስታውሳላችሁ?

ይህ ሐሳብ በሀገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመ የሕፃናት አመጋገብ ክፍል ነበር፤ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ባለሙያዎቹ የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለመቀነስ በሀገር ውስጥ እህል ላይ የተመሠረተ ዱቄት አዘጋጁ፤ ስሙንም ፋፋ አሉት። «ልጁ ፋፋ» ስንል ወፈረ፣ ደረጀ ማለታችን ነውና ስሙ ለራሱ ይናገራል። በፋፋ ውስጥ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ይገባል። በእርዳታ ሲታደል የምናውቀው ፋሚክስም በበቆሎና በአኩሪ አተር ላይ የተመሠረተ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የሁለቱም መሠረት ያው እህልና ጥራጥሬን ማጋባት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። አንድ ኪሎ ዱቄት ለማዘጋጀት የሚከተለውን እናድርግ፦

- በቆሎ 400 ግራም፦ ፕሮቲን 36 ግራም
- ስንዴ 200 ግራም፦ ፕሮቲን 24 ግራም
- ገብስ 100 ግራም፦ ፕሮቲን 11 ግራም
- ሽምብራ 200 ግራም፦ ፕሮቲን 40 ግራም
- አኩሪ አተር 100 ግራም፦ ፕሮቲን 36 ግራም

ድምር 147 ግራም ነው። በ100 ግራም ዱቄት ሲታሰብ 15 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሆናል። በቆሎ ለብቻው ግን 9 ግራም ብቻ ነበር። ኃይሉን ብንደምር ከ100 ግራም ድብልቅ 365 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እናገኛለን፤ ይህ ከበቆሎው ብዙም አይለይም። ልብ በሉ! ካሎሪው ሳይቀየር ፕሮቲኑ ከግማሽ በላይ ጨመረ፣ ጥራቱም ተሻሻለ። «ጠገብኩ» እና «ተመገብኩ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የምንለው ለዚህ ነው።

ለአንድ ሰው ቁርስ 60 ግራም ዱቄት ይበቃል፤ ከ6 እስከ 7 የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ከሱ 220 ኪሎ ካሎሪና 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጃገረድ በቀን 46 ግራም፣ ወንድ ደግሞ 52 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ አንድ ሳህን ገንፎ ለልጃገረዷ የቀኑን አንድ አምስተኛ ያህል ይሸፍናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢጨመርበት 120 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ እንቁላል ቢታከል ደግሞ 75 ኪሎ ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን ይጨምራል። ጠቅላላው ከ400 ኪሎ ካሎሪ በላይ የሆነ ቁርስ ወጣው!

አዘገጃጀት

1. እህሉን በደንብ ልቀሙ። የሻገተ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ የነቀዘ ካለ አውጥታችሁ ጣሉ። በሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በማብሰልም አይጠፋም።
2. እጠቡና በፀሐይ አድርቁ።
3. አኩሪ አተሩን ለብቻው በፈላ ውኃ ለ30 ደቂቃ ያህል ቀቅሉ፤ ገለባውን አሽታችሁ አውጡ፣ አድርቁና አምሱ። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለበት ሳይበስል አይበላም።
4. ሽምብራውን አምሳችሁ ከኩ። በቆሎውን፣ ስንዴውንና ገብሱን ለየብቻ ጠቆር ሳይል አምሱ። ፍሬዎቹ መጠናቸው ስለሚለያይ አብረው ከታመሱ አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል።
5. አደባልቃችሁ ወፍጮ ቤት ውሰዱ። ወፍጮው በርበሬ ፈጭቶ ከሆነ መጀመሪያ እንዲጸዳ ጠይቁ።
6. ዱቄቱን ሲቀዘቅዝ ደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። የአኩሪ አተር ቅባት ሲቆይ ስለሚኮመጥጥ በአንድ ጊዜ ብዙ አታስፈጩ፤ የወር ያህል ይበቃል።

ዱቄቱ ገንፎም፣ አጥሚትም፣ ቂጣም ይሆናል። አፉ የቆሰለ ወይም ምግብ የዘጋው ሰው ቤት ካለ አጥሚቱ ይሻላል። በበሰለው ገንፎ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ ብታማስሉት ወዲያው ይቀጥናል፤ መልሳችሁም አንድ ጊዜ አፍሉት። በዚህ ዘዴ ውኃ ሳይበዛበት ቀጭን ሆኖ ስለሚጠጣ ሕመምተኛው በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ያገኛል። እናቶቻችን ብቅል የሚያውቁት ለጠላ ብቻ አይደለም።

ምን የለውም?

አንዳንድ ሰው «ይሄ ዱቄት ሁሉ ነገር አለው» ይላል። የለውም። ደረቅ እህል ቫይታሚን ሲ የለውም፤ ቫይታሚን ኤ በጣም ያንሰዋል፤ ቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህል አይገኝም። ስለዚህ ዱቄቱ ብቻውን በሽታ ተከላካይ ምግብ አይደለም። በምን እንሙላው?

- ለቫይታሚን ሲ፦ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፤
- ለቫይታሚን ኤ፦ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ጎመን፤
- ለቫይታሚን ቢ 12፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ።

ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ አጠገባችን ነው፤ ከቤተሰብ ጋር በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢበላ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። በእህልና በጥራጥሬ ገለባ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረትንና ዚንክን ይዞ ወደ ሰውነታችን እንዳይገቡ ያስቸግራል። መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማቡካት ይቀንሱታል። ሻይና ቡናም ብረትን ያግዳሉ። ገንፎውን በሻይ እያወራረዱ መብላት እንግዲህ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት ነው። ሻዩን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ በምትኩ ከገንፎው ጋር ዘይቱን ወይም ብርቱካን ብትበሉ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባላችኋል።

ከሱቅ የታሸገ ዱቄት ወይም ኮርንፍሌክስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው በክብደት ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ስኳር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ከመጣ «የእህል ቁርስ» የሚለው ስም አያታልላችሁ። የንጥረ ነገሩ መጠን ለ100 ግራም ነው ወይስ ለአንድ ጊዜ ምግብ? ይህንንም ሳትለዩ ሁለት ዕቃ አታወዳድሩ። የሚያበቃበትን ቀን ማየትም አትርሱ።

ቫይረሱ በደማቸው ለሚገኝ ወገኖች

ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲታገል ኃይል ያወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ምክር መሠረት፣ ቫይረሱ በደሙ የሚገኝና የሕመም ምልክት የሌለው አዋቂ ከሌላው ሰው 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል። የሕመም ምልክት ሲታይ ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ክብደታቸው ለሚቀንስ ሕፃናት ደግሞ ከ50 እስከ 100 በመቶ ይጨምራል። በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያስፈልገው ሰው 10 በመቶው 220 ነው። ከላይ ያሰላነውን ታስታውሳላችሁ? አንድ ሳህን ገንፎ ማለት ነው! የፕሮቲን ድርሻው ግን ከማንኛውም ጤነኛ ሰው የተለየ መሆን እንዳለበት ምክሩ አይገልጽም። ልዩ ዱቄት አያስፈልገውም፤ በቂ ምግብ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን በጥንቃቄ የምንለያቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ምግብ መድኃኒትን አይተካም። ገንፎ፣ ማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉም ምግብ ናቸው፤ አንዳቸውም ቫይረሱን አይገድሉም፣ መራባቱንም አያስቆሙም። የቫይረሱን መራባት የሚገታው ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። በሀገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላው አያስተላልፍም። ማንም «ይህን ዱቄት ከጀመርክ ክኒኑን ተው» ቢል ስሕተት ነው፤ ዋጋውም ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የምግብ እጦት መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። በማኅበራዊ ሥራ ቤት ለቤት ስንዘዋወር ደጋግመን የምንሰማው «ዛሬ የምቀምሰው ስላልነበረኝ ክኒኑን አልዋጥኩም» የሚለውን ነው። ሰዎች ይህን የሚያደርጉት «ጠንካራ መድኃኒት በባዶ ሆድ ይጎዳል» ብለው ፈርተው ነው። ሆኖም ዛሬ ለአብዛኞቹ ተጠቃሚዎች የሚሰጠው፣ ዶሉቴግራቪርን የያዘውና በቀን አንዴ የሚዋጠው ክኒን በምግብም ያለ ምግብም ሊወሰድ ይችላል። ሌላ ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ወይም የብረትና የካልሲየም ክኒን የታዘዘለት ሰው ሰዓቱን ከጤና ባለሙያ ጋር ይነጋገርበት። እናታችሁ፣ አባታችሁ፣ ወይም እናንተው ራሳችሁ መድኃኒቱን የምትወስዱ ከሆነ ይህቺን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቧት። ምግብ በጠፋ ቀንም ክኒኑ ይዋጣል። የምግቡን ችግር ግን ዝም አትበሉት፤ በቡሹሎ ጤና ጣቢያም ሆነ በአቅራቢያችሁ ባለ የጤና ተቋም ተናገሩ። ክብደቱ በጣም የቀነሰ ሰው በባለሙያ ተለክቶ ፕላምፒነት ሊታዘዝለት ይችላል። ይህ ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የሚሠራ ሲሆን አንዷ እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች። ሕክምና ነውና አይሸጥም፣ ለጎረቤትም አይታደልም።

የከረጢቱ ጉዳይ

በሥራችን ያገኘናት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እናቷ መድኃኒት ተጠቃሚ ናቸው፤ በየወሩም የድብልቅ ዱቄት ድጋፍ ይሰጣቸው ነበር። ዱቄቱን የምታመጣው ልጅቷ ነች። ሰፈር ከመግባቷ በፊት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ዱቄቱን ከነማኅተሙ ከረጢት ወደ ተራ ፌስታል ትገለብጣለች። «ለምን?» ስትባል «ከረጢቱን ያየ ሁሉ ያውቃል» አለች። ቤት ውስጥም ታናናሽ ወንድሞቿ «የእማዬ የበሽታ ዱቄት ነው» ብለው አይበሉትም ነበር። እናትየውም ልጆቿ ሲርባቸው እያዩ ለብቻቸው መብላት ስላልሆነላቸው ዱቄቱን ጎረቤት ይሰጡት ነበር። ክብደታቸው ያልጨመረው ለዚህ ነው።

ይህ ታሪክ ስለ ዱቄት ነው ወይስ ስለ እኛ? የከረጢቱ ማኅተም በራሱ ሰው አይጎዳም፤ የሚጎዳው የሚያየው ዓይን ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለው እናንተ ሕፃን ሳላችሁ የበላችሁት ዓይነት ዱቄት ነው። በሽታ አያመለክትም፣ በሽታም አያስተላልፍም። በአንድ ማዕድ መብላት፣ በአንድ ማንኪያ መጉረስ፣ አንዱ የሠራውን ገንፎ ሌላው መብላት ኤች አይ ቪን አያስተላልፍም። አንድ መንደር ሁሉ የአምስት እህል ገንፎ ቢበላ ደግሞ የማን ቤት ዱቄት ለምን እንደሆነ ማን ያውቃል? መገለልን ከምንቀንስባቸው መንገዶች አንዱ፣ «የሕመምተኛ ምግብ» የተባለውን የሁላችንም ምግብ ማድረግ ነው።

ስንቅ ሲያልቅ

በመጨረሻ ወደ መከላከሉ እንምጣ። ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉ። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ዘንድ ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። ቆጮውና ቂጣው እስከ ረቡዕ ይቆያል፤ ሐሙስና ዓርብስ? ሐሙስ ጠዋት ባዶ ሆዷን የወጣች ልጅ «ነይ ቁርስ ልጋብዝሽ» የሚላትን ሰውዬ ማን እንደሆነ እናውቃለን። መጀመሪያ ቁርስ ነው፣ ቀጥሎ ካርድ ይሞላላታል፣ ከዚያ ሒሳብ ይጠይቃል። በሶሲዮሎጂ ትምህርት ድህነት ምርጫን ያጠባል የምንለው ይህን ነው። ልጅቷ ስለ ኮንዶም ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ያበላትን ሰው «እምቢ» ማለት ከብዷት ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሷ ሳይሆን በረሃቧ የሚነግደው ሰው ነው። ወንዶች ልጆችም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደሉም።

እስቲ እንደገና እናስላ። 60 ግራም በ30 ቀን ሲባዛ 1,800 ግራም ነው። ሁለት ኪሎ የማትሞላ ደረቅ ዱቄት የአንድ ተማሪ የወር ቁርስ ናት ማለት ነው! እንደ ቂጣ አትሻግትም፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ትደርሳለች፤ በፌስታል ተይዛ ትመጣለች። ዱቄት ብቻውን ልጅን ከአደጋ ይጠብቃል አንልም። ሐሙስ ጠዋት ግን ለአንዲት ልጅ «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» የምትልበትን አቅም ሊሰጣት ይችላል። ይህችን አቅም አንናቃት።

የፀረ-ኤድስ ክበብ አባላት ይህንን በተግባር ማዋል ትችላላችሁ። ተከራይተው የሚማሩ አራት አምስት ልጆች አንዱ በቆሎ፣ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ ስንዴ ከየቤቱ ቢያመጣ፣ አንድ ላይ ታምሶ በአንድ ጊዜ ይፈጫል። ወላጆቻችሁንም «ከቆጮው ሌላ ጥቂት ሽምብራና አኩሪ አተር ጨምሩልን» ማለት ነውር የለበትም።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. በቆሎና ሽምብራ አብረው ሲበሉ የፕሮቲኑ ጥራት የሚሻሻለው ለምንድን ነው?
2. ከላይ በተሰጠው መጠን 5 ኪሎ ዱቄት ለማዘጋጀት ከእያንዳንዱ እህል ስንት ግራም ያስፈልጋል?
3. ገንፎ በሻይ መብላት ምን ጉዳት አለው? በምን ይተካ?
4. «እውነት» ወይም «ሐሰት» በሉ፦ ሀ) የድብልቅ ዱቄት ገንፎ ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ይተካል። ለ) ዶሉቴግራቪር ያለው ክኒን ምግብ ባልተገኘበት ቀንም መዋጥ አለበት። ሐ) ቫይረሱ በደሙ ካለበት ሰው ጋር ከአንድ ሳህን መብላት ቫይረሱን ያስተላልፋል።
5. በክፍላችሁ ተወያዩ፦ ዱቄቱን ወደ ፌስታል የምትገለብጠው ልጅ ጎረቤት ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ 1) አንዱ የሚያንሰውን አሚኖ አሲድ ሌላው ስለሚያሟላ። 2) በቆሎ 2,000፣ ስንዴ 1,000፣ ገብስ 500፣ ሽምብራ 1,000፣ አኩሪ አተር 500 ግራም። 3) ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል፤ በዘይቱን፣ በብርቱካን ወይም በፓፓያ ይተካ። 4) ሀ. ሐሰት፣ ለ. እውነት፣ ሐ. ሐሰት። የአምስተኛውን መልስ ከእናንተው እንጠብቃለን።

መልካም የጥናት ጊዜ!